ጥርስ የሚያንኳኳው ሐምዳም

በፈርጋና ሸለቆ ባለችው በማርጊላን ከተማ፣ ከሐር ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሰፈር ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ጥርስ ሲያክም የኖረው ሐምዳም አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም ነበር። ይህን የምለው አምኜበት ሳይሆን እሱ ራሱ ይለው ስለነበር ነው። ሰፈሩም ይህንኑ ከእሱ ሰምቶ መልሶ ለእሱ ይነግረው ስለነበር፣ ነገሩ በሁለት ወገን ምስክር የጸና መስሎ ኖሯል።

የአሠራር ብልሃቱ ለመናገር ቀላል ነው። በሽተኛው አፉን ይከፍታል። ሐምዳም የመመርመሪያ መስታወቱን እጀታ ገልብጦ ይይዝና የጥርሱን የወርቅ ሽፋን ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ ጆሮውን ያዘነብላል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያም ይፈርዳል። «ደወል ነው» ካለ ከወርቁ ሥር ያለው ጥርስ ጤነኛ ነው። «ዱባ ነው» ካለ በስብሷል። ይግባኝ የለም።

በእኛ ሰፈር ይህ ፍርድ ቀላል ነገር አይደለም። ዕድሜዋ ከአርባ ያለፈ ሴት አራት የወርቅ ጥርስ ከሌላት ባሏን የሚያማ ጎረቤት አይጠፋም፤ ወንዱም ቢሆን ፈገግ ሲል ፀሐይ የሚያንጸባርቅለትን ያህል ይከበራል። ወርቁ ግን አይበሰብስም እንጂ ከሥሩ ያለው ጥርስ ይበሰብሳል። መበስበሱ የሚጀምረው ወርቁ አልቆ ጥርሱ በሚጀምርበት ጠርዝ፣ ድድ አጠገብ ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ በጨለማ ይጓዛል። ባለቤቱ በየማለዳው መስታወት ፊት የሚያየው ግን የሚያበራውን ወርቅ ብቻ ነው።

ሐምዳም ማንኳኳቱን የተማረው ከየትኛውም የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም። አባቱ በመንገድ ዳር ሐብሐብ ይሸጥ ነበር፤ ልጁም የበሰለውን ከጥሬው በድምፅ መለየት የቻለው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነው። እስከ ዛሬም በነሐሴ ወር እሱ ወደ ገበያ ሲወጣ ጎረቤቶቹ ቅርጫታቸውን ይዘው ከኋላው ይከተሉታል። አንኳኩቶ የመረጠው ሐብሐብ ሲቆረጥ እንደ ደም ይቀላል፤ ይህን በሐሰት አልመሰክርም፣ እኔም ከተከተሉት አንዱ ነበርሁ።

ልዩነቱን ግን ማንም አላስተዋለውም። ሐብሐብ በዚያው ቀን ይቆረጣል፤ የሳተ ሰው መሳቱን በገበታ ላይ ያየዋል፣ በማግሥቱም ጆሮውን ያርማል። ሐምዳም «ደወል» ያለውን ጥርስ ግን የሚከፍተው የለም። ከዓመታት በኋላ ቢያም፣ «ያኔ ጤነኛ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው የበሰበሰው» ይባላል። «ዱባ» ያለው ደግሞ ሽፋኑ ይነሳና መሰርሰሪያው ወዲያው ገብቶ ይጠርገዋል፤ በሽተኛው መስታወት በሚሰጠው ጊዜ የሚያየው የተጠረገ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው መበስበስ ይሁን ሐምዳም፣ በምን ያውቃል? እኔ ሐምዳምን ውሸታም አልለውም። ውሸታም እውነቱን ያውቃል። ሐምዳም ያደረገው ሥራውን እውነት በማትደርስበት መንገድ ማደራጀት ነው፤ ይህ ከውሸት ይበልጥ የተለመደ፣ በተማሩ ሰዎችም ዘንድ ይበልጥ የተከበረ ኃጢአት ነው።

የሚጠራጠር በሽተኛ ሲገጥመው አንድ የመጨረሻ ማስረጃ ነበረው፦ የራሱ አፍ። በቀኝ በኩል በታችኛው መንጋጋው አራት የወርቅ ጥርሶች ተያይዘው በሁለት ጥርሶች ላይ እንደ ድልድይ ቆመዋል፤ በገዛ እጁ ያፈሰሳቸው ናቸው። ጉንጩን በጣቱ ስቦ ያሳያል። «ሃያ ሁለት ዓመት» ይላል አፉን እንደከፈተ፤ ምራቁ እስኪንጠባጠብም ድረስ አይዘጋውም።

ልጁ በታሽከንት የተማረች የጥርስ ሐኪም ሲያገባ ሐምዳም ደስ አለው። ምራቱ ማትሉባ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሥርዓት የምታውቅ ነበረች። በየማለዳው ደጃፉ ላይ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ትሰጠዋለች፤ ሻዩን በሁለት እጇ ታቀርብለታለች፤ ቃሉን አትመልስም፤ ፊት ለፊት ትክ ብላ አታየውም። የእኛ ምራት ሁሉ እንዲህ ናት፣ ቢያንስ እስክትወልድ ድረስ። ችግሩ የመጣው ሐምዳም የሚሠራበት ክሊኒክ ሲቀጥራትና ወንበሯን ከአማቷ ወንበር ጎን ሲዘረጋላት ነው። ከእሷ ጋር ትንሽ የራጅ ማሽን መጣ። ማሽኑ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት አያውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ግጭት የደረሰው ቱት፣ የሐር ትል የሚመገበው ዛፍ ፍሬ፣ በሚበስልበት ወር ነው። የሐር ትሎቹ ቅጠሉን፣ እኛ ጥቁሩን ፍሬ የምንሻማበት፣ የሰፈሩ አፍና ጣት ሁሉ ቀለም የነከረው የሚመስልበት ወር ነው። በገበያው መግቢያ ዳቦ የምትሸጠው ሳኖባር መጥታ ከማትሉባ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማትሉባ በቀኝ የላይ ጥርሷ የወርቅ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር አየች።

«ሳኖባር ኦፓ፣ ቱት በልተዋል?» አለች፣ በታላቅ እህት ማዕረግ ጠርታት።

«ስኳሬ ከፍ ብሏል ተብዬ ከተከለከልሁ ወዲህ? በአፌም አልዞረ።»

ማትሉባ አመነቻት። ሳኖባር ሁለቱንም እጆቿን ከሽርጧ ሥር ቀብራ እንደነበር ያየችው ነርሷ ቶጂሆን ብቻ ናት፤ ቶጂሆን ደግሞ ሳትጠየቅ መናገር ከተወች ሃያ ዓመቷ ነው። ማትሉባ ራጅ አነሳች። ወርቁ በፊልሙ ላይ እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ከነጩ አጠገብ፣ ልክ ጠርዙ ላይ፣ ጥቁር ጥላ ተጋድሟል። ዓይንና ፊልም አንድ ነገር ሲመሰክሩ ማን ይጠራጠራል? ሁለት ሐሰተኛ ምስክሮች መስማማታቸው እውነተኛ እንደማያደርጋቸው ትምህርት ቤት ነግሯት ይሆናል፤ ግን ገና አልደረሰባትም።

«አባባ» አለች መሬት መሬት እያየች፣ «ራጁ ጠርዙ ላይ ጥላ ያሳያል። ምናልባት ማሽኑ ይሆናል ያጠፋው። አዲስ ስለሆነ ገና ሥርዓት አልተማረም።»

ሐምዳም ተነስቶ መጣና አንኳኳ። አዘነበለ። ጨፈነ።

«ደወል ነው። ይሄ ማሽንሽ እዚህ ቤት ስንት ጊዜው ነው?»

«ሰባት ወሩ ነው፣ አባባ።»

«ጆሮዬ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው።»

«ልክ ነዎት፣ አባባ። ማሽኑን እነግረዋለሁ።»

«እናንተ ስትከባበሩ ዳቦዬ ይደርቃል» አለች ሳኖባር። «ወርቁን እንደሆነ ልጄም አውልቀሽ ነጭ አስገቢ እያለች አሰልችታኛለች። ክፈቱትና እንየው።»

ተከፈተ። ጥርሱ እንደተላጠ እንቁላል ንጹሕ ነበር። ጠርዙ ላይ የነበረው ጥቁር መስመር በእርጥብ ጥጥ ተጠረገና ሐምራዊ ሆኖ ወጣ።

«ጤነኛ ነው?» አለች ሳኖባር። «ታዲያ ይሄ ጥቁር ምንድን ነበር?»

«ቱት» አለች ቶጂሆን። ጥያቄው ለማን እንደቀረበ አልተገለጸም ነበርና እንደተጠየቀች ቆጠረችው።

ፊልሙ ላይ የታየው ጥላስ? ማትሉባ ሲመሽ መጽሐፏን ገልጣ አነበበች፤ ከደማቅ ብረት አጠገብ ያለ ቦታ በራጅ ላይ ምንም ሳይጎድለው የጠቆረ መስሎ ሊታይ እንደሚችል እዚያው ተጽፎ ነበር፤ ከዚህ ቀደምም አንብባ አስምራበታለች። ማስመር ማወቅ አይደለም።

ሐምዳም ያን ሰሞን ሻይ ቤት ከወትሮው ቀደም ብሎ ይገባ፣ ከወትሮው ዘግይቶ ይወጣ ነበር። አንድ ጊዜ የመታው ዒላማ መቶ ጊዜ ተነገረ፤ በሰሚው ዘንድም መቶ ዒላማ ሆነ። ሳኖባር ራሷ በዳቦ ሽያጩ መሐል «ጆሮ ነው እንጂ!» ትል ነበር፤ የዋሸችውን ግን ለማንም አልተናገረችም።

ሁለተኛው የፀጉር አስተካካዩ የኒሾን ጥርስ ነው። ኒሾን አረንጓዴውን ትምባሆ፣ ኖስን፣ ከንፈሩ ሥር ሳይወትፍ ምላጭ የማያነሳ ሰው ነው። የወርቅ ጥርሶቹ ጠርዝ ሁሉ ከዚያ የተነሳ ጠቁሯል። ከኋላ ያለችው አንዷ ሙቅ ስትነካት ታመዋለች። ማትሉባ ቆልማማውን መፈተሻ ጠርዟ ላይ አሳረፈችው፤ መርፌው ለስላሳ ነገር ውስጥ እንደገባ ያዝ አደረጋት። ራጁ ግን ምንም አላሳየም፤ መበስበሱ ካለ ከወርቁ ጀርባ ነው፣ ወርቁ ደግሞ ፊልሙን ሸፍኖታል።

ሐምዳም አንኳኳ። «ደወል ነው። ጥቁሩ ኖስ ነው።»

«መርፌው ያዝ አደረገኝ፣ አባባ።»

«ኖስ ይለጠፋል።»

ማትሉባ እጇ የነገራትን ታውቅ ነበር። ግን በሳኖባር ጥርስ ካፈረች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ከፊቷ የቆመው ደግሞ ማለዳ ማለዳ ጎንበስ የምትልለት ሰው ነው። «አባባ እንዳሉት ነው» አለችው ኒሾንን። እዚህ ላይ ብዙዎች የማትሉባን ጨዋነት ያደንቃሉ። እኔ አላደንቅም። በሌላ ሰው ጥርስ የሚከፈል አክብሮት፣ ማንም ያልፈቀደለትን ዕቃ ለእንግዳ እንደመስጠት ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኒሾን አንድ ነገር በመሐረብ ጠቅልሎ ክሊኒኩ ገባ። በሰርግ ማለዳ፣ ሦስት መቶ ወንድ ለኦሽ፣ በሥጋና በካሮት ለሚሠራው የድግስ ሩዝ፣ በተቀመጠበት፣ ከጮማ ሩዙ አንድ ጊዜ ጎርሶ ሲያላምጥ ጥርሱ ከነወርቁ ወልቃለች። መሐረቡን ፈታው። ከወርቁ ውስጥ የቀረው ቡናማና ፍርፍር፣ በጥፍር የሚፋቅ ነበር።

«ደወሉን ይዤ መጣሁ» አለ ኒሾን።

ሐምዳም ትክ ብሎ አየው። «አጥንት ነክሰህ ነው።»

«ሩዝ ነበር፣ ሐምዳም አካ» አለ ኒሾን፤ ቢቆጣም የታላቅ ወንድምን ማዕረግ አልነፈገውም።

«በኦሽ ውስጥ አጥንት አይጠፋም።»

«ሩዝ ነበር እያልሁዎት። ካሮት እንኳን አልነበረበትም።»

«አጥንት ነው» አለ ሐምዳም፤ ሻይ ቤቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥንት ነው አለ።

በዚያው በጋ መጀመሪያ ሐምዳም በግራ በኩል ብቻ ማላመጥ ጀመረ። ያን ታላቅ ድልድይ ከኋላ በኩል የተሸከመችው ጥርስ በቀዝቃዛ ውኃ ትነዝረው ነበር። ይህች ጥርስ ከሄደች ድልድዩ መቆሚያ የለውም፤ ድልድዩ ከሄደ የቀኝ መንጋጋው ባዶ ነው፤ መንጋጋው ባዶ ከሆነ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ጉንጩን እየሳበ ያሳየው ማስረጃ በሰፈሩ ፊት በራሱ ላይ ይመሰክርበታል። አለመታከም ጥርሱን ያሳጣዋል፤ መታከም ቃሉን። የሚወዳትን የተቆላ ሽምብራ ተወ። ሲጠይቁት ሆዴን ይነፋኛል አለ።

በእጀታው የራሱን ጥርስ አንኳኳ። ደወል ነበር። ግራውን አንኳኳ። ደወል ነበር። አገጩን አንኳኳ። እሱም ደወል ነበር።

ከዚህ በኋላ ማንም በማያውቀው ከተማ ሊመረመር ቆረጠና አውቶቡስ ተሳፍሮ ፈርጋና ወረደ። ክሊኒኩን የመረጠው በመስኮቱ መጋረጃ አዲስነት ነው። የወጣው ሐኪም ግን ነጭ ካባውን እየቆለፈ ሮጦ መጣና እጁን ሊስመው ጎነበሰ፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ያስተማረው ልጅ ነበር።

«ኡስቶዝ! እርስዎ እዚህ? ምነው ቢልኩብኝ እኔ ራሴ እመጣ አልነበር?»

«ዝም ብለህ እየው። እንደማንኛውም ሰው እየው።»

ደቀ መዝሙሩ መስታወቱን ገልብጦ ያዘ። ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ጆሮውን አዘነበለ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ደወል ነው፣ ኡስቶዝ።»

«በመርፌ አልፈተሽከውም።»

«በእርስዎ ሥራ ላይ መርፌ? እጄ ይቆረጥ።»

በሳምንቱ ኮካንድ ሄደ። የኮካንዱ ሐኪም ከፈርጋናው ጋር አብሮ የተማረ ነበር፤ ሁለቱንም ያስተማራቸው ሐምዳም ነው። እሱ ደግሞ ነርሶቹን ሁሉ ጠርቶ በሐምዳም አፍ ዙሪያ አቆማቸውና ድልድዩን እንደ መስጊድ ጉልላት አስጎበኛቸው። «አያችሁ የጠርዙን አገጣጠም? እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ የለም።» ከነርሶቹ አንዷ «ድዱ ትንሽ አላበጠም እንዴ?» ብትል፣ «ዕድሜ ነው» ብሎ ገሠጻትና አንኳኳ። ሲሸኘውም ሁለት ኪሎ የኮካንድ ጣፋጭ፣ ሃልዋ፣ አስታቀፈው፤ ጠንካራውን ዓይነት። ሐምዳም አውቶቡሱ ውስጥ ሃልዋውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠና እንዲህ አሰበ፦ በሸለቆው ውስጥ ያሉ የጥርስ ሐኪሞችን ሁሉ እሱ አስተምሯል፣ ስለዚህ በሸለቆው ውስጥ የእሱን ጥርስ የሚያይለት ሐኪም የለም። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ። በሕይወቱ ከሰማኋቸው ንግግሮቹ ያለ ጥርጥር የተቀበልሁት የመጀመሪያው ነበር።

አንድ ቀን ማትሉባ ለምሳ ወደ ቤት ስትሄድ ሐምዳም ቶጂሆንን ጠራ።

«የዚችን የኋላ ጥርሴን ራጅ አንሺ። ፖስታው ላይ ኒሾን ብለሽ ጻፊ።»

ቶጂሆን አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን አላቀቀች፤ ስላልተጠየቀች መልሳ ገጠመችው። ልትለው የነበረው ይህ ነው፦ ኒሾን ያቺ ጥርስ የለውም፤ በሰርግ ላይ ወልቃ በመሐረብ መጥታለች፤ ድልድይማ ኖሮትም አያውቅ።

ከሰዓት በኋላ ማትሉባ ፖስታውን ከፈተች። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። አራት የወርቅ ጥርሶች የተያያዙበት ድልድይ በነጭ በርቷል። ፖስታውን አገላብጣ አየች፤ ቶጂሆንን አየች፤ ቶጂሆን ኮርኒሱን ታያለች። ሐምዳም ጀርባውን ሰጥቶ፣ እስኪብረቀረቁ የጸዱ መሣሪያዎቹን እንደገና ያጸዳል።

«የኒሾን ነው» አለ ሳይዞር። «ምን ይላል?»

የማን አፍ እንደሆነ ማትሉባ ገባት። ስለ አማቷ አፍ አንድ ክፉ ቃል ልትናገር አይገባትም፤ ስለ ፀጉር አስተካካዩ አፍ ግን ማን ይከለክላታል?

«ይሄ ሰውዬ ግትር ነው፣ አባባ» አለች።

መሣሪያዎቹ መንቋቋታቸውን አቆሙ።

«ከጠርዙ በታች ጥላ አለ። ትልቅ ነው። ሕመሙን ወራት ደብቆታል። ይሄን ጥርስ ጤነኛ ነው ያለው ሁሉ ጥርሱን አላየም፣ ሰውየውን ነው ያየው።»

«ጥላ ሐሰት ይናገራል። የሳኖባርን ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም። ለዚህ ብዬ በጥላው ብቻ አልቆርጥም። ግን ሰውየው ከቱት ወር ጀምሮ በግራ ብቻ ነው የሚያላምጠው። ሽምብራ ትቷል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጣ ዓይኑን ያጠባል። ሻይ ሳቀርብለትም አፉ ይሸታል።»

 ማትሉባ ለኒሾን ሻይ አቅርባ አታውቅም። ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላ።

«በጣም ይሸታል?» አለ ሐምዳም።

«ለማያውቀው አይታወቅም።»

«እንግዲህ ያ ግትር ነገ ይምጣ» አለ። «መርፌም ይዘሽ ጠብቂው።»

በማግሥቱ ሐምዳም በምራቱ ወንበር ላይ ተጋደመ። ክሊኒኩ ውስጥ ይህን ያየ ሁሉ ሥራ ያለው መስሎ በበሩ ያልፍ ጀመር፤ ሳኖባር ራሷ ሦስት ጊዜ ዳቦ ልታቀርብ መጣች። ማትሉባ አስቀድማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ጓንቷን አጠለቀች፤ ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የአማቷን ፊት አተኩራ አየች። መርፌው ጠርዙ ላይ ያዝ አደረጋት።

«አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ደወል ነው ዱባ?»

«የራሴን ሳንኳኳ ጭንቅላቴ ሁሉ ነው የሚጮኸው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«በስብሷል። በጉንጭ በኩል።»

«ቶጂሆን፣ ያለችውን ጻፊ» አለ ሐምዳም። «ሳይከፈት ጻፊው።»

ማደንዘዣው ተወጋ። ድልድዩ ከኋለኛው ጥርስ ላይ ተቆረጠ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የታየው ወርቅ እንደ ቆርቆሮ እየጮኸ ለቀቀ። ማትሉባ መሰርሰሪያውን አነሳች። ሐምዳም እጇን ያዛት።

«አትጥረጊው። መጀመሪያ መስታወት ስጪኝ።»

ሠላሳ አምስት ዓመት በዚያ ክፍል ውስጥ ጥርሱ ሳይጠረግ መስታወት ለማንም በሽተኛ ተሰጥቶ አያውቅም፤ እሱ ራሱ የሠራው ሥርዓት ነው። ቶጂሆን ሰጠችው። ሐምዳም አፉን በሰፊው ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አየ። ያየው ነገር ቡናማና ፍርፍር፣ በጥፍር የሚፋቅ ነበር። አንድ ጊዜ በመሐረብ ተጠቅልሎ መጥቶለት አይቶታል፤ ያኔ አጥንት ብሎ ጠርቶታል።

«ዱባ ነው» አለ በደነዘዘ አፉ። ቀጥሎም መስታወቱን ጠጋ አደረገና፣ «ግን በምላስ በኩል ነው። ጉንጭ በኩል ነበር ያልሽው።»

ማትሉባ ጎንበስ ብላ አየች። «ተሳስቻለሁ፣ አባባ። በስብሷል ያልሁት ትክክል ነው፤ ቦታውን ስቻለሁ።»

«ይህንንም ጻፊ፣ ቶጂሆን።»

መበስበሱ ከነርቩ ሊደርስ የወረቀት ውፍረት ያህል ሲቀረው ነበር። አንድ ወር ቢዘገይ ጥርሷ ትሄድ ነበር። ማትሉባ ጠረገችው፣ ሞላችው፣ ጥርሷ ተረፈች። ድልድዩ በሌላ ተተካ፤ አዲሱን የሠራው ሐምዳም ነው፣ የጠርዙን አገጣጠም ያረመችው ግን ማትሉባ ናት። ሁለት ጊዜ መለሰችበት። በሁለተኛው ጊዜ ያለው ነገር እዚህ ሊጻፍ አይችልም፤ ቢሆንም አስተካከለው።

የሐምዳም ትልቁ ችግር የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሻይ ቤት ገብቶ፣ በመደቡ ላይ ከመሐል ተቀምጦ፣ እውነቱን ተናገረ። በራሱ ጥርስ እንደተሳሳተ፣ ማንኳኳት ጥርስን እንደማይገልጥ፣ «ደወል» ካላቸው ስንቶቹ በስብሰው እንደሆነ እንደማያውቅ ነገራቸው።

ሻይ ቤቱ በአድናቆት አዳመጠው።

«አያችሁ ትሕትና?» አለ አንዱ።

«ምራቱን ሊያስከብር ነው» አለ ሌላው። «እንዲህ ያለ አማት የት ይገኛል?»

«እውነቴን ነው» አለ ሐምዳም። «አላውቅም ነበር። አንኳኳለሁ እንጂ አላውቅም ነበር።»

«እኛ እናውቃለን፣ ሐምዳም አካ። እስቲ የኔን አንኳኩልኝ፤ ሰሞኑን ጠዝጥዞኛል።»

በዚያ ሳምንት ሊያስንኳኩ የመጡት በሽተኞች ከወትሮው በዙ። ለእያንዳንዱ መርፌና ራጅ ታዘዘለት፤ ሽፋኑ የሚነሳለት ሁሉ ሳይጠረግ መስታወት ተሰጠው። የሦስቱ ጥርስ «ዱባ» ይሆናል ተብሎ ሲከፈት ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ለሦስቱም ስሕተቱ ተነገራቸው። ሦስቱም ሐምዳም አሻግሮ አይቶ አድኗቸዋል ብለው ለሰፈሩ አወሩ። ሰው በገዛ እጁ የገነባውን ዝና ማፍረስ ከመገንባቱ ይከብዳል፤ ለዚህ የሚታዘንለት ግን ዝናውን የገነባው ሰው አይደለም።

አንድ ብቻ አመነው። ኒሾን በመደቡ ጫፍ ተቀምጦ፣ የጎደለ ጥርሱን በምላሱ እየነካካ ያዳምጥ ነበር።

«እንግዲህ ስለ ጥርስ እውነት ከተነገረ» አለ፣ «የኔ ጥርስ በሩዝ ነው የወለቀችው።»

«አጥንት ነክሰህ ነው» አለ ሻይ ቤቱ ባንድ ድምፅ።

ሐምዳም የሻይ ጽዋውን አስቀመጠ።

«ሩዝ ነበር» አለ።

 ምራት ማስከበርም፣ ትሕትናም ይህን ሊያብራራ አልቻለም፤ ከአጥንቱ ጋር እነሱ ራሳቸው ሲደጋግሙት የከረሙት ወሬ ሁሉ ነውና የፈረሰው።

«ጮክ ብለው ይበሉት፣ ሐምዳም አካ» አለ ኒሾን። «ከበሩ አጠገብ ያሉት አልሰሙም።»

«ሩዝ ነበር። ጥርሱ በስብሶ ነበር። ምራቴ በመርፌዋ አግኝታው ነበር፤ እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋት።»

ኒሾን ራሱን ነቀነቀ፤ ይቅር ማለቱ አልነበረም፣ መስማቱን ማሳወቁ እንጂ። ከኪሱ የተቆላ ሽምብራ አውጥቶ በመደቡ ላይ በተነ። ሐምዳም አንድ ፍሬ አነሳ፤ እንደለመደው ወደ ግራ ሊያደርጋት ብሎ ትንሽ አሰበና ወደ ቀኝ አሻገራት። ስትፈረከስ ድምጿ ለሻይ ቤቱ ሁሉ ተሰማ።

«ደወል ነው» አለ አንዱ ከበሩ አጠገብ።